ሳተላይት እያለ ገመድ ለምን? ብሎ ለጠየቀኝ ወጣት

በቅርቡ አንድ የባሕር ሙያ ተማሪ፣ መርከብ ያለበትን ቦታ ሳተላይት እየነገረን የባሕርን ጥልቀት በገመድ ይለኩ የነበሩ የጥንት ቀያሾችን ዘዴ ለምን እንማራለን ሲል ጠየቀኝ። የሚጠይቅ ወጣት ደስ ይለኛል፤ ዛሬ አብዛኛው ስልኩ ያለውን አንብቦ ይበቃዋልና። ጥያቄው ግን የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰው።

ወጣት መኮንን ሳለሁ፣ ከአሰብ ወደ ምጽዋ ስንጓዝ፣ ካፒቴናችን ከዋናው መተላለፊያ ውጭ በዳህላክ ደሴቶች በኩል ያሉት የካርታው የጥልቀት ቁጥሮች መቼ እንደተለኩ በጣቱ አሳየኝ፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነበር። ከዚያ ወዲህ የእነዚያን ሰዎች ሥራ ስከታተል ኖርኩ። እ.ኤ.አ. ከ1829 እስከ 1834 የቦምቤይ ባሕር ኃይል ቀይ ባሕርን በሁለት መርከቦች አስለካ፤ ካፒቴን ሮበርት ሞርስቢ በፓሊኑረስ ሰሜኑን፣ ካፒቴን ቶማስ ኤልዎን በቤናሬስ ደቡቡን ያዙ። ምክንያቱ የእንፋሎት መርከቦች ነበሩ፤ ከእነሱ አንዷ ሂው ሊንድሴይ በ1830 ከቦምቤይ ስዊዝ ደርሳለች፤ ኮራሉ፣ ማለትም ከባሕር ሥር ያለው ዐለት መሳይ እድገት፣ የት እንዳለ በደንብ ሳይታወቅ የሕንድን ፖስታ በዚያ መንገድ አዘውትሮ ማመላለስ አደገኛ ነበር።

ድካሙ ያለው በጀልባዎቹ ላይ ነው። በየብስ ላይ የአንድ መነሻ መስመር ርዝመት ይለካል፤ ከዚያ ማዕዘን እየተለካ የደሴቶቹ ቦታ በየተራ ይሰላል፤ ጀልባዋ በዚያ ሙቀት እየተቀዘፈች አንድ መርከበኛ እንደ ግንበኛ ቱንቢ ያለ እርሳስ በገመድ ይጥላል። ከእርሳሱ ግርጌ ባለው ጎድጓዳ ሞራ ይጠቀጠቃል፤ ሲሳብ አሸዋ፣ ጭቃ ወይም የኮራል ስባሪ ተጣብቆበት ይወጣል፤ ምንም ካልያዘ ታቹ ዐለት ሊሆን ይችላል። በሁለት ውርወራ መካከል የቆመ የኮራል ጫፍ ግን ሳይነካ ያልፋል።

ይህን ሙያ ልማር አስቤ ነበር፤ ከ1985 ዓ.ም. በኋላ ግን የባሕር በር ለሌላት አገር የባሕር ቀያሽ ምን ይሠራላታል ተባልኩና ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ገመድ መጣልን ተማሩ አልልም፤ እኔ ራሴ ጥልቀትን በድምፅ በሚለካው መሣሪያ ሠርቼ ተመስገን ያልኩ ነኝ። ግን ልጄ፣ ሳተላይቱ የሚነግርህ አንተ ያለህበትን ነው፤ ኮራሉን ካርታው ላይ ያስቀመጠው የሌላ ሰው ሴክስታንት (የፀሐይንና የከዋክብትን ማዕዘን የሚለካ መሣሪያ) እና ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱ ልዩነት በመቶዎች ሜትር ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ከዋናው መተላለፊያ ከመውጣትህ በፊት ቁጥሩ መቼና በምን እንደተለካ ከካርታው ላይ ፈልግ፤ በኤሌክትሮኒክ ካርታም ላይ አለ፣ የሚከፍተው ጠፋ እንጂ።