ከበጀት ሲቀነስ ምን ይቅር?

ጥያቄ፦ መጠነኛ ገቢ ያላቸው አባላት ባቋቋሙት የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ የግንባታ ኮሚቴ አባል ነኝ። ከተማ ውስጥ ለምንሠራው አፓርታማ አርክቴክታችን ያቀረቡት ኃይል ቆጣቢ ንድፍ ከበጀታችን በለጠብን። ከኮሚቴው አንዳንዶቹ የግድግዳውና የጣሪያው ሙቀት መከላከያ ቀርቶ በምትኩ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሰሌዳ ይተከል ይላሉ። ሁሉንም መሥራት ካልቻልን የትኛውን እናስቀድም?

መልስ፦ ሰሌዳው ለኋላ ይቆይ፤ መከላከያው ግን አይቅር። ሰሌዳ ሕንፃው አልቆ ሰው ከገባበት ከዓመታት በኋላም ነዋሪውን ሳያስነሱ ሊተከል ይችላል። ግድግዳን በኋላ ማልበስ ግን መወጣጫ ማቆም፣ ልስን መንካት፣ የመስኮት ዙሪያ መክፈትና ነዋሪውን ማወክ ስለሚጠይቅ፣ መጠነኛ ገቢ ያላቸው አባላት ለሁለተኛ ጊዜ አዋጥተው ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አይመስለኝም።

ከመከላከያው በፊት ግን ገንዘብ የማይጠይቁ፣ እንዲያውም የሚያተርፉ ውሳኔዎች አሉ። ሙቀት የሚወጣውም የሚገባውም በሕንፃው ውጫዊ ገጽ በኩል ነው። አንድ ኩብ ጎኑ በእጥፍ ቢያድግ ይዘቱ 8 እጥፍ ሲሆን ገጹ ግን 4 እጥፍ ብቻ ስለሚሆን፣ ቤቶችን ግድግዳ አጋርቶ በአንድ ጥቅል ሕንፃ ውስጥ ማሰባሰብ በየቤቱ የሚባክነውን ሙቀት ይቀንሳል፤ የግንባታ ዕቃም ይቆጥባል። ስለዚህ ንድፉ ላይ ለውበት ብቻ የገቡ ወጣ ገባ ማዕዘኖች ካሉ መጀመሪያ የሚቀነሱት እነርሱ ይሁኑ። አቀማመጡም እንዲሁ ነው። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ያለ ሰፊ መስኮት በጣሪያ ክፈፍ አይጠለልም፤ ረጅሙን ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ ማዞር ሞቃት በሆነ አካባቢ ከማቀዝቀዣ ወጪ ያድናል።

ቀጥሎ የሚመጣው የአሠራር ጥራት ነው፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በጀርመኗ ዳርምሽታት ከተማ የተሠራው የመጀመሪያው «ፓሲቭ ሃውስ» (ለማሞቂያ እጅግ ጥቂት ኃይል የሚፈጅ ቤት) መነሻ የሆነለት መስፈርት፣ ለማሞቂያ በዓመት በካሬ ሜትር ከ15 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ እንዳይወጣ ይጠይቃል። ይህ የሚገኘው በወፍራም መከላከያ ብቻ ሳይሆን አየር የሚያሾልክ ስንጥቅ ባለመተውና ሙቀት የሚያሻግሩ ኮንክሪቶችን፣ ለምሳሌ ከወለሉ ጋር በአንድነት ተሞልቶ ወደ ውጭ የሚወጣ በረንዳን፣ በመከላከያ ከሕንፃው በመነጠል ጭምር ነው። በእንግሊዟ ኖሪች የከተማው ምክር ቤት ለተከራዮች ያሠራው የጎልድስሚዝ ስትሪት መንደር እ.ኤ.አ. በ2019 የብሪታንያን የዓመቱ ምርጥ ሕንፃ ሽልማት፣ ስተርሊንግን፣ ሲያገኝ፣ የፖስታ ማስገቢያው እንኳ ነፋስ እንዳያስገባ ከበሩ ላይ ተነሥቶ ውጭ በረንዳው ላይ ተሠርቶ ነበር። በደንብ የተዘጋ ቤት ግን አየሩ በታቀደ መንገድ ካልተለወጠ እርጥበትና ሻጋታ ያመጣልና የአየር ማስተላለፊያው ከበጀት እንዳይሰረዝ አደራ እላለሁ።

ለኮሚቴው ሲያስረዱ የግንባታውን ዋጋ ብቻ አያቅርቡ። አርክቴክቱ ለሁለቱም አማራጮች የወር ብድር ክፍያና የወር የኃይል ወጪ ተደምሮ ምን ያህል እንደሚሆን ያስሉላችሁ፤ አባሉ ከኪሱ የሚያወጣው ድምሩን ነውና። ከተቋራጩ ጋር በምትፈራረሙት ውል ውስጥም የአየር ማሾለክ ፍተሻ የውስጥ ማጠናቀቂያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንዲደረግ ይጻፍ፤ ስንጥቅ በቀላሉ ተገኝቶ የሚደፈነው ገና ሳይሸፈን ነው።