ኪራይሽን አልቀበልም ካሉሽ ደስ እንዳይልሽ

እህቴ ጥያቄሽን ማታ አንብቤ እንቅልፍ ነው የነሳኝ። ውልሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው፣ አከራይሽ ደሞ "ልጄ ከውጭ ስለሚመጣ በ20 ቀን ውስጥ ቤቱን ልቀቂ" የሚል ወረቀት ላኩብሽ፣ መብት አለኝ ወይስ ዕቃዬን ልሰብስብ ነው ያልሽው። መብት አለሽ! ዕቃሽን እንዳትነኪው። "ከአከራይ ጋር ተጣልቶ መኖር አይቻልም ሌላ ቤት ፈልጊ" የሚሉሽን ተያቸው፣ ባህር ዳር ላይ ልጅ ይዞ ቤት መፈለግ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንደዛ አይልም፣ ደላላው አለ፣ ቅድሚያው አለ፣ የዕቃ ማጓጓዣው አለ፣ ከዛ ደሞ "ስንት ልጅ ነው ያለሽ" ብለው በር ላይ የሚመልሱሽ አሉ።

እኔ በ2013 አይቼዋለሁ። ቀበሌ 14 ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ሁለት ልጆቼን ይዤ እንጀራ እየጋገርኩ ሐይቁ ዳር ላሉ ዓሣ ቤቶችና ፔዳ አካባቢ ላሉ ምግብ ቤቶች አስረክብ ነበር። ውሌ ከሐምሌ 2011 እስከ ሐምሌ 2013 የሁለት ዓመት ነው። በ2012 በኮሮናው ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ተከራይ ማስወጣትም ኪራይ መጨመርም ተከልክሎ እንደነበር ታስታውሻለሽ፣ ጋሽዬ (አከራዬን እንደዛ ነበር የምጠራቸው) ያን ጊዜ ዝም አሉ፣ እንዲያውም "አይዞሽ ልጄ" ይሉኝ ነበር። አዋጁ ባበቃ በሁለተኛው ወር ግን ጥቅምት ላይ አንዲት የደብተር ወረቀት በበሬ ስር ገባች፣ "በ15 ቀን ውስጥ ቤቴን እንድትለቂ፣ ልጄን ልድር ስለሆነ" ትላለች። ቀን የላት፣ ፊርማ የላት። በኋላ እንደሰማሁት ደላላ እጥፍ ኪራይ የሚከፍል ሰው አምጥቶላቸው ነው፣ ሰርግ የሚባል ነገር አልነበረም።

እኔ ያየሁትን በቁጥር ላስቀምጥልሽ፣

1. ወረቀቱን በደንብ አንብቢ፣ ፎቶ አንሺ፣ ማን እጅ ላይ እንደሰጠሽና መቼ እንደሆነ ከኋላው ጻፊበት። ማስጠንቀቂያ ማለት ደብዳቤ ነው፣ ከዛ አያልፍም። በግድ ሊያስወጣሽ የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፣ እሱም ከስሰውሽ፣ መልስሽን ሰጥተሽ፣ ተከራክረሽ፣ ተፈርዶብሽ፣ ከዛ በአፈጻጸም ነው፣ ማለት ፍርድ ቤቱ ፍርዱ እንዲፈጸም ሲያዝ። "ፈርሚልኝ" ካሉሽ "ደርሶኛል፣ ግን አልስማማም" ብለሽ በራስሽ እጅ ጽፈሽ ፈርሚ። "በዚህ ቀን እለቃለሁ" የሚል ነገር ላይ ግን በፍጹም፣ ሽማግሌ ፊት ቢሆን፣ እያለቀስሽም ቢሆን እንዳትፈርሚ። ያንን ከፈረምሽ ውልሽ እስከ ሰኔ መሆኑ ምንም አይጠቅምሽም፣ ራስሽ ነሽ ያሳጠርሽው።

2. ውልሽን አውጪና ቃል በቃል እዪው። ጊዜ ያለው ውል እስከ ጊዜው ድረስ ሁለታችሁንም ያስራል፣ ልጅ መጣ ወይም ሰርግ ደረሰ ተብሎ አይፈርስም፣ ውሉ ላይ እንደዛ የሚል አንቀጽ ከሌለ በቀር። ይሄ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ ያለ ነው። ጊዜው አልቆ አከራዩ እያወቀ ዝም ብሎ ከቆየ ነው ጊዜ የሌለው ውል የሚሆነውና በማስጠንቀቂያ ሊቀር የሚችለው። ኪራይ ላዘገየ ተከራይ እንኳን የአንድ ዓመትና ከዛ በላይ ውል ከሆነ ቢያንስ 30 ቀን ጊዜ መስጠት አለባቸው፣ ታዲያ ላንቺ 20 ቀን ከየት መጣ?

እዚህ ላይ አንድ የምኮራበት ነገር አለኝ። ውሉን ስንዋዋል ጋሽዬ "ለመኖሪያ" ብቻ ብለው ሊያስጽፉ ነበር፣ እኔ እምቢ ብዬ "ለመኖሪያ እና ለእንጀራ ጋገራ" ብለህ ጻፍ አልኩት ጸሐፊውን፣ ሰዎቹ ሁሉ ሳቁብኝ። በኋላ ፍርድ ቤት ላይ ጠበቃቸው ተነስቶ "ቤቱን ያለ ፈቃድ ለንግድ አውላዋለች፣ ግድግዳውን በጭስ አጥቁራዋለች" ሲል ዳኛዋ ውሉን አነበቡና "ይኸው ጋገራ ይላል እኮ" አሉት። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት ግን ያቺን ቃል ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቺም የምትሰሪው ነገር ካለ ውልሽ ላይ መኖሩን እዪ።

3. ቀበሌ ሄደሽ ጊዜሽን እንዳትጨርሺ። እኔ ወረቀቱን ይዤ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደዛ ነው፣ ዘጠኝ ቀን በላብኝ። መጀመሪያ ቀን "ኃላፊው ስብሰባ ነው"፣ ሁለተኛ ቀን "ሰኞ ነይ"፣ ሰኞ ስሄድ አንድ ስልኩን እየነካካ ቀና ብሎ እንኳን ያላየኝ ልጅ "ቤቱ የማን ነው?" አለኝ፣ "የሳቸው" አልኩት፣ "እና ባለቤቱ ውጪ ካለሽ ምን ትሰሪያለሽ እዚህ፣ ሰው ቤት ቁጭ ብለሽ ሰው ትከሺያለሽ?" አለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ። ልጄን ታቅፌ ነበር፣ ትንሿን፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ወጣሁ። እስካሁን በዛ በር ሳልፍ ያንገበግበኛል። በዛ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሕጉን ባያውቅ እንኳን "ፍርድ ቤት ሂጂ" ማለት ያቅተዋል? ቀበሌ የሚጠቅምሽ ለአንድ ነገር ነው፣ ነዋሪ መሆንሽን የሚያሳይ ወረቀት ካስፈለገሽ። ፖሊስም "የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው" ብሎ ይመልስሻል፣ ዕቃሽን አውጥተው ከጣሉ ወይ በር ከሰበሩ ወይ እጃቸውን ካነሱብሽ ግን ያኔውኑ ሄደሽ አስመዝግቢ፣ እሱ ሌላ ነው።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው አዋጅ 1320 አለልሽ ይልሻል። አዎ በ2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ወጥቷል፣ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል፣ ውሉም በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ይላል። ክልል ላይ ግን የሚሰራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው፣ ስለዚህ ክፍለ ከተማሽ ሄደሽ "ውሌን መዝግቡልኝ" በያቸው፣ ከመዘገቡልሽ ትልቅ ነገር ነው፣ ካልመዘገቡልሽም የፍትሐ ብሔር ሕጉ አለልሽ፣ እኔ የተከራከርኩት በሱ ብቻ ነው።

4. ይሄ ነው ዋናው፣ ሌላውን ብትረሺ ይሄን እንዳትረሺ። ኪራይሽን ክፈይ!!

የጥቅምትን ኪራይ 3,000 ብር ይዤላቸው ስሄድ ጋሽዬ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው "ያንቺን ብር አልቀበልም፣ ዕቃሽን አውጪ" አሉኝ። እኔ ምን አሰብኩ መሰለሽ፣ እሳቸው እምቢ ካሉ እኔ ምን ጥፋት አለብኝ ብዬ ብሩን ቋጥሬ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። በኅዳርም ይዤ ሄድኩ፣ እምቢ አሉ። ምስክር አልያዝኩም፣ ወረቀት የለ፣ ምን የለ፣ በር ላይ ቆመን ሁለታችን ብቻ። ከዛ ኅዳር አጋማሽ ላይ የምጣዴን መብራት ከቆጣሪው ላይ አስቆረጡት። አስቢው፣ እንጀራ የምትሸጥ ሴት መብራቷ ሲቆረጥ። ጭራሮ ገዝቼ ግቢው ጥግ ላይ በጭስ ምጣድ ሞከርኩ፣ እትዬ (ሚስታቸው) ወጥተው "ልብሴ ላይ ጭስ" ብለው ውሃ ደፉበት፣ እሳቱ ላይ። ከአምስት ደንበኞቼ ሦስቱ በሳምንት ውስጥ ሌላ ሰው ያዙ፣ አልፈርድባቸውም፣ ምሳ ሰዓት እንጀራ የሌለው ዓሣ ቤት ምን ያደርጋል። የአዴት ጤፍ የምወስድበት ነጋዴ ደሞ የዱቤውን ጠየቀኝ። ሳጥን ውስጥ ያለችውን 6,000 ብር አውጥቼ ሰጠሁት። የታኅሣሡንና የጥሩንም እንዲሁ በላሁት፣ በልጆቼ አፍ ነው የበላሁት ግን በላሁት።

ክስ የመሠረትኩት መብራቱ በተቆረጠ በሳምንቱ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ እንዳለው አንዲት የማስረክብላት ምግብ ቤት ባለቤት ናት የነገረችኝ፣ ሄድኩ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ አንድ ወጣት ልጅ ቁጭ አድርጎ ሁሉንም ጠየቀኝ፣ ክሱን ጻፈልኝ፣ ከክሱ ጋር የእግድ አቤቱታና ቃለ መሐላ አያይዞ። አንድ ብር አልከፈልኩም። እግድ የሚባለውን እወቂው፣ ክሱ እስኪያልቅ አከራዩ እንዳያስወጣሽ፣ መብራትና ውሃ እንዳይቆርጥ ፍርድ ቤቱ በትእዛዝ ይዞ ያቆየዋል። የዳኝነት መክፈያ ከሌለሽ በድሃ ደንብ ልክሰስ ብለሽ ማመልከት ትችያለሽ። መጥሪያውን ጋሽዬ አልቀበልም አሉ፣ ሁለት ጎረቤት ይዤ ሄጄ እምቢ ማለታቸውን አስፈርሜ ለሬጅስትራር (ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ክፍል) መለስኩ፣ ያን ጊዜ እንኳን ለኪራዩም እንዲሁ ማድረግ እንደነበረብኝ አልታየኝም። እግዱ ወጣ፣ መብራቴ ተመለሰ፣ ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ ጋገርኩ።

ከዛ ጥር ላይ መልስ ይዘው ቀረቡ፣ ከተከሳሽ ከሳሽነት ጋር፣ ማለት እሳቸውም መልሰው እኔን ከሰው፣ "የአራት ወር ኪራይ 12,000 ብር አልከፈለችም፣ ውሉ ይፍረስልኝ፣ ቤቴን ታስረክበኝ" ብለው። ሰውየው ብሬን እምቢ ያሉት ለዚህ ነበር ለካ፣ ሆን ብለው፣ ጠበቃ አስተምሯቸው! ዳኛዋ ዞር ብለው "ከፍለሻል?" አሉኝ። "ይዤ ሄጄ እምቢ አሉኝ" አልኩ። "ማስረጃ አለሽ?" የለኝም። "ብሩ አሁን በእጅሽ አለ?" የለም። ችሎቱ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ ያዩኝ መሰለኝ። ልክ ነበርኩ እኮ፣ ከሳሽ እኔ ነበርኩ፣ ውሌ ስድስት ወር ቀርቶት ነበር፣ በዛች ጥያቄ ብቻ ባለዕዳ ሆንኩ።

ያቺን መዝገብ ያተረፈልኝ የጋሽዬ የንስሐ አባት ናቸው። ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ፣ መብራቱን፣ ውሃ የተደፋበትን እሳት ሁሉ ነገርኳቸው፣ እሳቸውና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቁን፣ ዕርቁንም ፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ አሰፈረው። 12,000ውን ባንዴ ከፍዬ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ልቆይ ነው። ፍሪጄን ሸጥኩ፣ ቀሪውን ከዕቁብ ሰዎች ለመንኩ። የሦስት ወር ያህል መብቴን ሰጥቼ ወጣሁ ማለት ነው። ክሱን የጻፈልኝ ልጅ "እትዬ ደረሰኝ ቢኖርዎት እስከ ሐምሌ አንድ ቀን አይነኩዎትም ነበር" አለኝ፣ ይሄ አባባሉ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ አንቺ እንዲህ አድርጊ። የባንክ ሒሳባቸውን ታውቂ እንደሆነ በቀኑ አስገቢ፣ ምክንያቱ ላይ "የዚህ ወር የቤት ኪራይ" ብለሽ የወሩን ስም ጻፊ፣ ደረሰኙንም ስክሪንሹቱንም ያዢ፣ ስልክሽ ሊጠፋ ስለሚችል ለእህትሽም ላኪላት። ሒሳባቸውን ካላወቅሽ ሁለት ሰው ይዘሽ ብሩን ይዘሽ ሂጂ፣ እምቢ ካሉ ሰዎቹ ቀኑን ጽፈው ይፈርሙልሽ። ከዛም ፍርድ ቤት አመልክተሽ በዳኛ ትእዛዝ ብሩን እዛው አስቀምጪው፣ ሞዴል 85 በሚሉት ደረሰኝ ይቀበሉሻል፣ ያንን ደረሰኝ እንደ ልጅሽ ጠብቂው። ብሩ ቤትሽ ውስጥ እንዳያድር ብቻ፣ ቤት ውስጥ ያለ ብር ችግር ሲመጣ ይወጣል፣ አንቺም ልጆች አሉሽ አውቃለሁ።

5. ሽማግሌ መላክ ጥሩ ነው ግን ክሱን ወይም ደረሰኙን ይዘሽ እንጂ ባዶ እጅሽን አይደለም። ባዶ እጅ ስትሆኚ "እሺ በይ ልጄ፣ እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው" ብለው አንቺን ነው የሚያስታርቁት፣ እሳቸውን አይደለም።

20 ቀን ብለውሽ ስንተኛው ላይ ነሽ? የዚህ ወር ኪራይሽስ ተከፍሏል? ካልተከፈለ ይሄን እንዳነበብሽ፣ ነገ ጠዋት ባንክ እንደተከፈተ፣ ሌላውን ሁሉ ትተሽ እሱን አድርጊ። ክሱን ለማጻፍ ስትሄጂ ብቻሽን ከፈራሽ ጻፊልኝ፣ ከሰዓት በኋላ እንጀራ አስረክቤ ስጨርስ ነጻ ነኝ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ።