ሜኑ ዴል ዲያ፦ ስለ ስፔን የቀን ምሳ ጠይቁኝ

ማድሪድ ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል። አራቱን ዓመት አንድ የሰፈር ምሳ ቤት ውስጥ በአስተናጋጅነት ሠርቻለሁ። ዘመድም ይሁን ጓደኛ ከአገር ቤት ወይም ከሌላ አገር ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው ምሳ ነው። ስፔኖች ሜኑ ዴል ዲያ ይሉታል፤ የቀኑ ምሳ ማለት ነው። በአንድ ቁርጥ ዋጋ ሁለት ሳህን ምግብ፣ ዳቦ፣ መጠጥ፣ በመጨረሻም ጣፋጭ ወይም ቡና ታገኛላችሁ። ስለዚህ ምሳ ብዙ ጥያቄ ስለደረሰኝ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ማድሪድ እመጣለሁ። ስፓኒሽ አልችልም። ገብቼ ምንድን ነው የማደርገው?

እንኳን ደህና መጣህ። በሩ አጠገብ ጥቁር ሰሌዳ ታያለህ፤ በጠመኔ ተጽፎበታል። ላይ “ፕሪሜሮስ” ይላል፤ የመጀመሪያ ሳህኖች ናቸው። ከሥሩ “ሴጉንዶስ” አለ፤ ሁለተኛዎቹ። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ትመርጣለህ። ዋጋው ግርጌ ላይ አለ። ስሙን ማንበብ ካቃተህ ስልክህን አውጥተህ ሰሌዳውን አስተርጉም፤ ማንም አይከፋውም።

ስትቀመጥ አስተናጋጁ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ያነጥፋል፣ ዳቦ ያመጣል፣ ከዚያ “ዴ ፕሪሜሮ?” ይልሃል። ሁለቱንም ምርጫህን ያኔውኑ ንገረው። ምግቡ ግን ተራ በተራ ነው የሚመጣው። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ግር ይለዋል። እኛ ወጡም አትክልቱም በአንድ ትሪ ቀርቦ ከዚህም ከዚያም እየቆረስን ነው የምንበላው። እዚህ የመጀመሪያው ተበልቶ ሳህኑ ሲነሳ ነው ሁለተኛው የሚመጣው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳህን እንዳትጠግብ። ዳቦውንም ለሁለተኛው መረቅ አስቀርለት።

ሰሌዳው ላይ “ሌንቴኻስ” ካየህ እሱን እዘዝ። ምስር ነው፤ በሸክላ ሳህን ትኩስ ሆኖ ይመጣል። ካሮትና ድንች አለበት፣ የቤይ ቅጠል ሽታም አለው። ላዩ ላይ ቀላ ያለ ዘይት ሲንሳፈፍ ስታይ በርበሬ እንዳይመስልህ፤ ፒሜንቶን የሚሉት ደርቆ የተፈጨ ቃሪያ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አያቃጥልም። የሳህኑን ግርጌ በዳቦ ጠርጎ መብላት እዚህ ነውር አይደለም። እንዲያውም ማብሰያ ቤት ያለችው እናት ሳህኑ ተጠርጎ ሲመለስላት ደስ ይላታል። አራት ዓመት አይቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ስንት ነው?

እንደ ከተማውና እንደ ሰፈሩ ይለያያል። አሁን አብዛኛው የሰፈር ቤት ከ12 እስከ 16 ዩሮ ባለው ውስጥ ነው። ገጠርና ትንንሽ ከተሞች ይረክሳል፣ መሀል ባርሴሎናና ሳን ሴባስቲያን ይወደዳል። ለምግብ ቤት የሚከፈለው ቀረጥ 10 በመቶ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ዋጋ እሱን ጨምሮ ነው መሆን ያለበት። “ኢቫ ኢንክሉይዶ” የሚል ካየህ ቀረጡ ገብቶበታል ማለት ነው።

ዋጋው ለምን ዝቅ እንዳለ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ “የተራረፈ ምግብ ነው እንዴ?” የሚለኝም አለ። አይደለም። የሚሠራው የምግብ ዓይነት ጥቂት ነው፣ በትልልቅ ድስት ጠዋት ይጣዳል፣ ገበያ ላይ የረከሰውና ወቅቱ የሆነው ይገዛል። አንዱ ጠረጴዛ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይያዛል። ትርፉ የሚገኘው ከብዛት ነው።

ጥያቄ፦ ጠዋት 5 ሰዓት ተኩል ላይ ሄጄ “ገና ነው” አሉኝ። ማታም የለም አሉኝ። ታዲያ መቼ ነው?

በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት። ሰው የሚሞላው 8 ሰዓት ላይ ነው። ስፔኖች ዋናውን ምግብ ቀን ነው የሚበሉት፤ ማታ ቀለል ያለ ነገር ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሁሉም ቦታ አለ። ቅዳሜና እሑድ ብዙ ቤት አያቀርብም፣ ካቀረበም ዋጋው ይጨምራል። ቦታ እንዳታጣ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ግባ።

ጥያቄ፦ ጾመኛ ነኝ። ስፔን ውስጥ ጾም መጾም ይቻላል ወይስ ዳቦና ሰላጣ ብቻ ልበላ ነው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ ራሴም ስለምጾም ረጋ ብዬ ልመልስ።

መጀመሪያ ደስ የሚለው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው የስፔን የምሳ ሰዓት ልክ ነው። በ9 ሰዓት ገብተሽ ብትቀመጪ ማንም “ዘገየሽ” አይልሽም። እንዲህ ያለ አገር አውሮፓ ውስጥ አላየሁም። ግን ከ9 ሰዓት ተኩል አትለፊ፣ ምድጃው ሊጠፋ ይችላል።

አሁን ወደ ምግቡ። በሙቀቱ ወራት ጋስፓቾ አለ፤ ቲማቲም፣ ኪያር፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ወይራ ዘይት፣ ኮምጣጤ ተፈጭቶ ቀዝቅዞ የሚጠጣ ነው። ጾም ነው። ሳልሞሬኾ የሚባለው የኮርዶባው ወፍራም ዓይነት ግን ላዩ ላይ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ ይበተንበታል፤ ሳይበተን እንዲያመጡልሽ ንገሪያቸው። ፒስቶ ማለት ዱባ መሰል አትክልት፣ ቃሪያና ቲማቲም ተጠብሶ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተጠበሰ እንቁላል ከላይ ያደርጉበታል፣ “ሲን ዌቮ” በይ። ሴቪያ ከሄድሽ ስፒናች በሽምብራ አለ፣ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ ከሙን አለው፣ አፍሽ ላይ ቤትሽን ያስታውስሻል። የጠበሱት አትክልት፣ “ፓሪያዳ ዴ ቬርዱራስ”፣ ለሁለተኛ ሳህን ይሆናል።

መጠንቀቅ ያለብሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ “ኤንሳላዳ ሚክስታ” የሚባለው ሰላጣ ውስጥ ቱና ዓሣና እንቁላል አለ። ሁለተኛ፣ “ሥጋ አልበላም” ብትይ አስተናጋጁ በቅን ልቦና ኻሞን፣ ማለትም በጨው የደረቀ የአሳማ ሥጋ፣ የተበተነበት ባቄላ ሊያመጣልሽ ይችላል። ለብዙ ስፔናዊ ሥጋ ማለት የተጠበሰው ቁራጭ ነው፤ ኻሞን እንደ ማጣፈጫ ነው የሚታየው። ስለዚህ ሁሉንም ዘርዝሪ፦ ሥጋ የለም፣ ኻሞን የለም፣ ዓሣ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም። ዘመናዊው አጭር መንገድ “ሶይ ቬጋና” ማለት ነው፤ ወንድ ከሆነ “ቬጋኖ”። ወዲያው ይገባቸዋል።

የስፔን ካቶሊኮችም በዐቢይ ጾማቸው ሰሞን ዓርብ ዓርብ “ፖታኼ ዴ ቪኺሊያ” ይሠራሉ። ሽምብራና ስፒናች ነው፣ ግን ባካላዎ የሚባል ጨው የገባው ዓሣ አለበት፣ እንቁላልም ይጨመርበታል። ጾም ነው ብለው ሲያቀርቡልሽ በእነሱ ሥርዓት ልክ ናቸው፤ በእኛ ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ። አሳማ የሌለበትን እንዴት ልለይ?

“ዬቫ ሴርዶ?” ብለህ ጠይቅ፤ አሳማ አለበት ወይ ማለት ነው። በተለይ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ሾርባ ላይ ጠይቅ፤ ቾሪሶ የሚባለው የአሳማ ቋሊማና ስብ የሚገባው እነሱ ውስጥ ነው። “ሎሞ” ከተባለ ብዙውን ጊዜ አሳማ ነው። ዓሣ ትንሽ ይቀልሃል፤ “ሜርሉሳ ኣ ላ ሮማና” በዱቄትና በእንቁላል የተጠበሰ ነጭ ዓሣ ነው፣ በየቤቱ ይገኛል። ሐላል ሥጋ ከፈለግክ ማድሪድ ውስጥ ላቫፒዬስ ሰፈር ሂድ፤ የቤንጋሊም የሞሮኮም የሴኔጋልም ቤቶች አሉ፣ የቀን ምሳ የሚያቀርቡም ታገኛለህ።

ጥያቄ፦ ማን ጀመረው?

መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964፣ በአምባገነኑ መሪ በፍራንኮ ዘመን፣ የማስታወቂያና የቱሪዝም ሚኒስትሩ ማኑኤል ፍራጋ ነበሩ። ያኔ የውጭ ጎብኚ እንደ ጉድ ይጎርፍ ነበር። ምግብ ቤቶች ለቱሪስት የሚሆን ቁርጥ ዋጋ ያለው ምሳ እንዲያቀርቡ ታዘዙ፤ ዋጋውንም መንግሥት ይወስን ነበር። ስሙም “የቱሪስት ሜኑ” ነበር። ኋላ ስሙ ተቀየረ፣ የዋጋ ቁጥጥሩም ቀረ። ቱሪስቱን አስበው የጀመሩትን ግን ሠራተኛው ወሰደው፤ ዛሬ የእሱ ነው። ቀለም ቀቢው፣ የባንክ ጸሐፊዋ፣ ጡረተኛው በአንድ ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ምስር ይበላሉ። እኔ ይህን ምሳ የምወደው ከምግቡ ባልተናነሰ ለዚህ ነው። የቀን ሠራተኛ ጠረጴዛ ይዞ፣ ዳቦ ተቆርሶለት፣ ተራ በተራ እየቀረበለት፣ ቡናውን ጠጥቶ ይነሳል።

ጥያቄ፦ ትልቁ አደባባይ ላይ በላን፣ ሂሳቡ ሲመጣ ከተጻፈው በላይ ሆነ። ተጭበርብረን ነው?

በእኔም ደርሷል። ባርሴሎና ውስጥ አንድ ቱሪስት የሚበዛበት ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለዳቦው ለብቻ፣ ለበረንዳው ለብቻ፣ ለቡናው ለብቻ አስከፈሉኝ። መልሼ ሰሌዳውን ሳየው በትንሹ ተጽፎ ነበር። የበረንዳ ጭማሪ ማስከፈል ይቻላል፣ ግን አስቀድሞ መገለጽ አለበት። ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ ዳቦና መጠጥ ይጨምራል ወይ፣ በረንዳ ላይም ዋጋው ያው ነው ወይ፣ “ፖስትሬ ኦ ካፌ” ነው ወይስ “ፖስትሬ ኢ ካፌ”። “ኦ” ከሆነ ጣፋጭ ወይም ቡና፣ “ኢ” ከሆነ ሁለቱም። በአንዲት ፊደል ሁለት ዩሮ ትከፍላላችሁ።

ምርጡ መፍትሔ ግን መራመድ ነው። የምግብ ፎቶ በር ላይ ከተለጠፈበት፣ ሰው እየጠራ ከሚያስገባበት ቤት እለፉ። ቱሪስት ከሚበዛባቸው ከማድሪዱ አደባባይ ከፕላሳ ማዮር ወይም ከባርሴሎናው ጎዳና ከራምብላስ ጥቂት መንገድ ራቁ። 8 ሰዓት ላይ የሥራ ልብስ የለበሱ ሰዎች የሞሉበት ቤት ስታዩ ግቡ።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር አንዱን ተካፍለን ብንበላስ? ለኛ ብዙ ነው።

አይመከርም። ሜኑ የአንድ ሰው ነው፤ ብዙ ቤት አያስችልም። ተካፍሎ መብላት ለኛ ፍቅር ነው፣ እዚህ ግን ባለቤቱ ሂሳቡን የሠራው በሰው ነው። “ሜዲዮ ሜኑ” አለ ወይ ብለው ይጠይቁ፤ አንድ ሳህን ብቻ በቅናሽ ነው። ወይም “ፕላቶ ኮምቢናዶ” ይዘዙ፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ድንችና ሰላጣ በአንድ ሳህን የሚመጣ። ሁለት የተለያየ ሜኑ አዝዘው እርስ በርስ መቃመስ ግን ማንም አይከለክልዎትም።

ጥያቄ፦ ሐሙስ ዕለት ሁሉም ቤት ፓኤያ የሚሉት የሩዝ ምግብ ነበር። ለምን?

ማድሪድና ባርሴሎና ውስጥ የቆየ ልማድ ነው። ስለ አመጣጡ እያንዳንዱ ሽማግሌ የራሱ ታሪክ አለው። አንተ ማወቅ ያለብህ ሐሙስ ፓኤያ በብዛት ስለሚሠራ ትኩስ መሆኑን ነው። ሰኞ ደግሞ ዓሣ አትዘዝ፤ እሑድ አብዛኛው ጀልባ አይወጣም። ሰኞ ምስር እዘዝ። በብርዱ ወራት ማድሪድ ውስጥ “ኮሲዶ” ካለ ግን ሌላውን ሁሉ ተወው። መጀመሪያ የፓስታ ሾርባው፣ ቀጥሎ ሽምብራው ከአትክልቱና ከሥጋው ጋር። ከእሱ በኋላ ማታ አይራብህም።

ጥያቄ፦ ወይን ካልጠጣሁ ያዝኑብኛል? ውሃ ይከፈላል?

ማንም አያዝንም። ወይን፣ ቢራ፣ ለስላሳ ወይም ውሃ ብዙውን ጊዜ ከዋጋው ጋር ነው። ከሜኑ ውጪ ብታዝዢም የቧንቧ ውሃ በነፃ የመጠየቅ መብት አለሽ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሕግ ነው። “ኣጓ ዴል ግሪፎ” በይ።

ጥያቄ፦ ቲፕ?

ግዴታ አይደለም። ሳንቲም ትተህ ብትነሳ ይበቃል። አስተናጋጅ በነበርኩበት ጊዜ ስሜን የሚያስታውስ ደንበኛ ከሁለት ዩሮ ይበልጥብኝ ነበር።

ጥያቄ፦ ከማድሪድ ውጪ የት ልብላ?

ሰሜን ስፔን፣ ጋሊሲያና አስቱሪያስ። እዚያ ሾርባውን በሳህን ሳይሆን በድስቱ ጠረጴዛህ ላይ ትተውልህ የሚሄዱ ቤቶች አሉ፤ እየጨለፍክ ትበላለህ። አስቱሪያስ ውስጥ ፋባዳ፣ ትልልቅ ነጭ ባቄላ ከአሳማ ሥጋ ጋር፣ ስም ያለው ነው። ካታሎኒያ ውስጥ ሰሌዳው ላይ “ሜኑ ዴል ሚግዲያ”፣ ባስክ አገር ደግሞ “ኤጉኔኮ ሜኑዋ” ተብሎ ታገኘዋለህ። ነገሩ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ነኝ። ብቻዬን ገብቼ መብላት ይከብደኛል።

ይገባኛል እህቴ። እኛ አገር ብቻውን የሚበላ ሰው ያሳዝናል። እዚህ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ግማሹ ክፍል ብቻውን የመጣ ነው። እኔ ስሠራበት የነበረው ቤት አንዲት አሮጊት በየቀኑ 8 ሰዓት ላይ መስኮት አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ሁለተኛ ሳህናቸው ሁልጊዜ ዓሣ ነው፣ ጣፋጫቸው ሁልጊዜ “አሮስ ኮን ሌቼ”፣ በወተትና በቀረፋ የተቀቀለ ሩዝ። ሰው ሁሉ በስማቸው ሰላም ይላቸዋል። አንድ ቀን ከቀሩ የቤቱ ባለቤት ስልክ ይደውልላቸው ነበር።

ስለዚህ አንድ ቤት ምረጪና ሦስት ቀን ደጋግመሽ ሂጂ። ከምግቡ በኋላ ኮርታዶ እዘዢ፤ ከኛ ማኪያቶ ጋር ይቀራረባል። ወዲያው አትነሺ። ከምሳ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ለሚቆዩበት ጊዜ ስም አላቸው፣ “ሶብሬሜሳ” ይሉታል። በሦስተኛው ቀን አስተናጋጁ ሳይጠይቅሽ ውሃሽን ያመጣልሻል።