ድንኳኑን አዋሽ ወንዝ ዳር እንትከል ወይ?

"አራት ሆነን ከአዳማ አዋሽ ፓርክ ሄደን ሁለት ሌሊት ልናድር ነው፤ ድንኳኑን ውሃው ዳር እንትከል ወይ?" ላልከው፦ አትትከሉ። ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ፣ ከፍ ያለ ቦታም ምረጡ።

ወንዙ ውስጥ አዞ አለ። ጉማሬም ማታ ማታ ለግጦሽ ይወጣል፤ የሚመላለሰው ደግሞ በለመደው መንገድ ነው። ሳሩ ተረጋግጦ ወደ ውሃው የሚወርድ ሰፊ ዱካ ካያችሁ እዚያ ላይ እንዳትሰፍሩ። በሩ ላይ ስትከፍሉ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ ጠይቁ፤ ቦታውን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል።

ሐምሌና ነሐሴ ይቅርባችሁ። እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ደጋው ላይ ሲዘንብ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ከኅዳር በኋላ ይሻላል።

ከአዳማ ስትነሱ የምትይዙት፦

1. ውሃ። በዚያ ሙቀት ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ብትይዙ፣ ለአራታችሁ ለሁለት ቀን 32 ሊትር ነው። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ።
2. ከድንኳኑ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ሸራ። የግራር እሾህ ቀልድ አያውቅም።
3. ከሰል። ፓርክ ውስጥ እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው።
4. አጎበር። አገሩ ቆላ ነው፣ ወባ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አንዴ የድንኳኑን ዚፕ ዘግተን ፏፏቴውን ልናይ ሄድን። ስንመለስ ጦጣዎቹ ዚፑን ከፍተው ዳቦውን ጨርሰውታል፣ በሶውን አንሶላ ላይ በትነውታል። የተረፈን ሽንኩርት ብቻ ነበር። ምግባችሁን መኪና ውስጥ ቆልፉበት፤ መስኮቱንም እስከ ላይ ዝጉ።