የካንሰሩ ፕሮፖዛል ወይስ የባቄላው?

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፤

የሥነ ሕይወት መምህርት ነኝ። በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ውድድር የተማሪዎችን የጥናት ፕሮፖዛል ከሚዳኙት ሦስት መምህራን አንዷ ነኝ። ሁለት ፕሮፖዛሎች እንቅልፍ ነስተውኛል። አንዱ ናኖ በሚባሉ፣ በዓይን በማይታዩ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች የካንሰር ሕዋሳትን ስለማጥፋት ነው። አጻጻፉ የተዋጣለት ነው፤ ግን የሚጠይቀው ቤተ ሙከራ እኛ ጋ የለም፣ ልጁ ራሱ የጻፈውም አልመስል ብሎኛል። ሌላው በፊደል ግድፈት የተሞላ ነው፤ ሐሳቡ ግን ይህ ነው፦ ግድግዳው ሥር የተዘራው ባቄላ መሃል ሜዳ ላይ ከተዘራው ቀድሞ በቀለ፤ ምናልባት ግድግዳው ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ማታ ስለሚሰጠው ይሆን? ለሙከራው ያሰበው በየቦታው ሦስት ሦስት ፍሬ ብቻ ነው።

ሰብሳቢያችን ገና ነጥብ ሳንሰጥ «አሸናፊው የካንሰሩ ነው» አሉ፤ ሌላው ዳኛም ተስማሙ። እኔ ወደ ባቄላው አደላለሁ፤ ግን ንድፉ ደካማ ለሆነ ሥራ ነጥብ ማብዛት አድልዎ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ደግሞ ለታናናሽ ተማሪዎች ኃይል ሰጪ መጠጥ አጠጥቶ የልብ ምታቸውን መለካት የሚፈልግ ሦስተኛ ልጅ አለ። ምን ይሻለኛል?

መልስ

ውድ መምህርት፤

ወደ ባቄላው የሚስብዎ ሙያዎ ነው፤ አይፍሩት። ፕሮፖዛል ገና ያልተሠራ ሥራ ስለሆነ ከሁሉ በፊት የሚታየው ጥያቄው ነው፦ የልጁ የራሱ ነው? በሙከራ ሊፈተን ይችላል? ልጁ ባለው ጊዜና ዕቃ ሊሠራው ይችላል? የባቄላው ልጅ በዓይኑ አይቷል፣ ምክንያት ገምቷል፣ ግምቱም ስሕተት ከሆነ በሙከራ ሊታወቅ የሚችል ነው። ይህን በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ሲያደርገው ማየት ደስ ያሰኛል።

ንድፉ ግን በእርግጥ ደካማ ነው፤ ለሙከራው ንድፍ ከሚሰጠው ነጥብ ላይ ሳይሳሱ ይቀንሱ። ሦስት ፍሬ ምንም አያሳይም፤ አንዱ ቢበሰብስ ውጤቱ ይገለበጣል። በየቦታው ሠላሳ ያህል ቢሆን ይሻላል። ከዚህ የከፋው ግን ግድግዳ ሙቀት ብቻ አለመስጠቱ ነው፦ ነፋስ ይከላከላል፣ ጥላ ይጥላል፣ የአፈሩንም እርጥበት ይለውጣል። ስለዚህ ልጁ እኩል መጠን ባላቸው የችግኝ ከረጢቶች፣ በአንድ ዓይነት አፈርና በተለካ ውኃ ይዝራ፤ የአፈሩን ሙቀት ንጋት ላይና ማታ በቴርሞሜትር ይመዝግብ። ግድግዳው ሥር ካሉት ከረጢቶች ግማሾቹን ሙቀት በማያሳልፍ ሰሌዳ ከግድግዳው ይለያቸው። ምክንያቱ ሙቀቱ ከሆነ እነዚያ መዘግየት አለባቸው። ይህ ሁሉ በአንድ አንቀጽ አስተያየት የሚስተካከል ነው፤ እባክዎ ጽፈው ይስጡት።

የካንሰሩን ልጅ ያለ ማስረጃ አይክሰሱት፤ ጠርተው ይጠይቁት። ሕዋሳቱ መሞታቸውን በምን ታውቃለህ? ከምን ጋር ታነጻጽራለህ? ምን ውጤት ብታገኝ ግምትህን ትተዋለህ? ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ በሚካሄደውና ዛሬ የብዙ አገር ተማሪዎች በሚገናኙበት አይሴፍ በተባለው የሳይንስ ውድድር፣ ከ100 ነጥብ 25ቱ የሚሰጠው ከተማሪው ጋር በሚደረገው ቃለ መጠይቅ ነው። በራሱ ቃል ካስረዳዎት ጥርጣሬዎን ይተዉና ጥያቄውን ሊሠራው ወደሚችለው መጠን እንዲያጠብ ይርዱት።

ሰብሳቢውን በተመለከተ፣ በስብሰባ መሃል ከመሟገት ይልቅ ቀደም ብለው አሠራሩ እንዲለወጥ ይጠይቁ፦ የተማሪዎቹ ስም ከፕሮፖዛሉ ላይ ተሰርዞ፣ እያንዳንዱ ዳኛ ለብቻው ነጥቡን በወረቀት አስፍሮ፣ ከዚያ ውይይት። አንድ ትልቅ ሰው ቀድሞ ከፈረደ በኋላ ሌላው በነጻነት አይመዝንም። የሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕን ለመጠቀም ሳይንቲስቶች የሚያቀርቡት ፕሮፖዛል እንኳ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአመልካቹ ስም ከገምጋሚዎች ተሰውሮ ነው የሚታየው።

ሦስተኛው ልጅ ወደ ነጥብ አይግባ። በአይሴፍ ደንብ በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ገምጋሚ ቦርድ አይቶ ሳይፈቅድ አይጀመርም፤ እናንተም ያንኑ አድርጉ። ካፌይን ያለበትን መጠጥ ለታዳጊዎች ማጠጣቱን ይተውና የልብ ምትን ደረጃ ከመውጣት በፊትና በኋላ ይለካ፤ ለዚያም የልጆቹና የወላጆቻቸው ፈቃድ በጽሑፍ ይቅደም። አልቀበልም ካለ ፕሮፖዛሉ ከውድድሩ ይውጣ፤ ምክንያቱንም ራስዎ ያስረዱት።