ያላነበባችሁትን መጽሐፍ አትጋብዙ

አሜሪካ ከገባሁ 27 ዓመት ሆነኝ። ዘጠኙን ያሳለፍኩት በፓርኪንግ ካሸርነት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ከመሬት በታች፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የመስታወት ቤት ውስጥ። አዲስ የመጣ ሰው ሲያገኘኝ «ምን ትመክረኛለህ?» ይለኛል። ድሮ ስለ ሥራና ስለ ክሬዲት ነበር የማወራው። አሁን ስለ መጽሐፍ ነው የማወራው። ሰው ይሰለቸኛል። ይሰልቸኝ።

1. ወረቀት

ግሪን ካርድ ያላችሁ አድራሻ ስትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን አሳውቁ። ሌላውን ጠበቃ ጠይቁ። የቡና ላይ ጠበቃ አላልኩም፣ ፈቃድ ያለውን።

2. የላይብረሪ ካርድ

ከባንክ ካርዱ ጋር በአንድ ሳምንት አውጡት። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ። 16 ዓመት የሞላው ሁሉ በነጻ የአንባቢ ካርድ አውጥቶ የአማርኛ መጻሕፍቱን እዚያው ተቀምጦ ማንበብ ይችላል። ስንቶቻችን ነን ታክሲ እየነዳን በበሩ ስንመላለስ የኖርነው! የሰፈራችሁ ላይብረሪ የአማርኛ መጽሐፍ ከሌለው እንዲገዛ ጠይቁ። ጠያቂ ከሌለ ለማን ብለው ይገዛሉ?

3. ግብዣ

ሰሞኑን ቡና ላይ ሁሉም የሚጋብዘው ኦሮማይን ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ መጽሐፍ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በፈረንጆቹ 2025፣ በእንግሊዝኛ ወጣ። ደስ ይላል። ግን «አንብበኸዋል?» ስላቸው «ድሮ» ይሉኛል። ድሮ ማለት ሰው ሲያወራ ሰምተዋል ማለት ነው። ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ መቅረቱን ሁሉም ያውቃል። የመጽሐፉ ሰዎች ስለሆኑት ስለ ፀጋዬና ስለ ፊያሜታ ስትጠይቋቸው ግን ፊያሜታ የጣሊያን ምግብ ቤት ትመስላቸዋለች።

የፖለቲካ ማስታወሻው ይብሳል። የደርግ ሰው የጻፈውን የኢሕአፓው ሳያነበው ይሰድበዋል። የኢሕአፓው የጻፈውን ደግሞ የደርጉ። አንድ ቀን ሁለት ትልልቅ ሰዎች በአንድ መጽሐፍ ሲኮራረፉ አይቻለሁ። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ፕላስቲኩ ገና አልተቀደደም።

እኔ «ምን ላንብብ?» የሚለኝን ሰው መጨረሻ ያነበበው መቼ እንደሆነ ነው አስቀድሜ የምጠይቀው። አሥር ዓመት ካለፈህ በሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር አትጀምር። እኔ የጎጃም ሰው ሆኜ እንኳ አንዳንዱ ቃል ያስቆመኛል። ሃምሳ ገጽ ሳትሞላ ትተወውና «አማርኛ ከበደኝ» ብለህ ለዘላለም ትቀራለህ። ከበዓሉ ጀምር። ጋዜጠኛ ስለነበር ዓረፍተ ነገሩ አያንገላታም። የአዳም ረታን ልብ ወለዶች ሥራ ለሌለህ ቀን አቆያቸው።

ጊዜ የለኝም የምትል ደግሞ ስማ። የእህቴ ልጅ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ልብስ ስትተኩስ በጆሮዋ የምትሰማው ትረካ ነው። እኔ ካነበብኩት በላይ ሰምታለች። ብዙ ሰው «መስማት ንባብ አይደለም» ይላል። አባቴ ፍቅር እስከ መቃብርን ያወቀው በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። የመጽሐፉን ሰው ጉዱ ካሣን እስኪሞት ድረስ እንደ ጎረቤቱ ነበር የሚያወራው።

4. ፒዲኤፍ

«መጽሐፍ ጋበዝኳችሁ» ብሎ ገጽ በገጽ በስልክ የተነሳ ልብ ወለድ ቴሌግራም ላይ የሚለቅ ሰው ጋባዥ አይደለም። ሌባ ነው። አገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ካወጣች ቆየች፣ ቁጥሩም 410/1996 ነው። አዋጁን ተዉት፣ ኅሊና የለም? ለአንድ ማኪያቶ ስድስት ዶላር እየከፈልክ የደራሲውን ትሰርቃለህ። ከአዲስ አበባ ሁለት ሻንጣ ይዘህ ትመጣለህ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ተሸክሞ ሲዞር የዋለው ልጅ «ጋሼ፣ አዲስ የወጣ አለ» ሲልህ በእጅህ ታባርረዋለህ። አንድ ልብ ወለድ ከአንድ ፌስታል በሶ ይቀላል እኮ!

5. ልጆች

እሺ፣ አንዳንዶቻችሁ ትገዛላችሁ። ሳሎን ትደረድራላችሁ። «ለልጆቼ ነው» ትላላችሁ። እኔም እንዲሁ እል ነበር። መደርደሪያዬ ሞልቷል። ልጄ 24 ዓመቷ ነው፣ አንዱንም ማንበብ አትችልም።

ኬጂ ስትገባ አስተማሪዋ «ቤትም እንግሊዝኛ አናግሯት» አለችኝ። ፈረንጅ ያለችው ልክ ነው ብዬ አመንኳት። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ልጅ አሳደግሁ። እስቲ አስቡት፣ እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት፣ ከጓደኛ፣ ከቴሌቪዥን ታገኘዋለች፤ አገሩ ሁሉ ያስተምራታል። አማርኛውን ከእኔ በቀር ማን ያስተምራታል? ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ኦቨርታይም ነው፣ ሰዓቱ በአንድ ተኩል ይታሰባል። ኦቨርታይሙን መረጥኩ። በዚያ ብር የገዛሁትን መኪና ዛሬ ሞዴሉን እንኳ አላስታውሰውም።

ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። በቀን አንድ ባስቆጥራት ዓመት ሳይሞላ ያልቃል። ዘጠኝ ዓመት እዚያ መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።

የዲሲ መንግሥት በፈረንጆቹ 2004 ባወጣው ሕግ መሠረት ቅጾቹን በአማርኛም ያዘጋጃል። ፈረንጁ ለእኛ ብሎ በአማርኛ ያትማል፣ የእኛው ልጆች «ይህ የምን ጽሑፍ ነው?» ይላሉ። አያሳፍርም?

ዛሬ ምክንያት የላችሁም። በእኛ ጊዜ ያልነበረ አለ። «ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ» የሚባሉ አማርኛና እንግሊዝኛው አንድ ላይ የታተመባቸው የልጆች መጻሕፍት አማዞን ላይ ይሸጣሉ። ለትንንሾቹ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚባለው የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት አለ። ግን መጽሐፉን ገዝታችሁ ብቻ አትስጡት። አብራችሁ ተቀመጡ። ማታ አሥር ደቂቃ፣ ጮክ ብላችሁ። እናንተ ቲክቶክ ላይ ተጥዳችሁ ልጁን «አንብብ» ብትሉት በልቡ ይስቅባችኋል። ደግሞ ሲሳሳት አትሳቁበት! እንግዳ ፊት አማርኛ አናግረን የሳቅንባቸው ልጆች ናቸው አፋቸውን የዘጉብን።

6. ገንዘብ መላክ

ስለዚህ ብዙ ልጽፍ አስቤ ነበር። ይቅር። የልጄን ነገር ልጨርስ።

አባቴ ደብረ ማርቆስ ነበር የሚኖረው። ስልክ አይወድም፣ ደብዳቤ ነበር የሚጽፍልኝ። «ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ብሎ ይጀምራል። 41 ናቸው፣ በጫማ ካርቶን አስቀምጫቸዋለሁ። አምና ክረምት ልጄ አገኘቻቸው። በስልኳ ፎቶ አንስታ ልታስተረጉም ሞከረች። የእጅ ጽሕፈት ስለሆነ ስልኩ ዝም ብሎ ቀባጠረ። «እኔ አለሁበት?» አለችኝ። አባቴ ደብዳቤ ሲጨርስ «ዓይኗን ሳምልኝ» ይላል፣ ከስሟ ጋር። ከተወለደች በኋላ በጻፋቸው ሁሉ ላይ አለ። ስሟ ፊቷ ላይ ተጽፎ ነው «አለሁበት?» የምትለኝ። ኩሽና ገብቼ ውኃ ጠጣሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ኦሮማይን በእንግሊዝኛ የገዛችው። ቅዳሜ ጀምራ እሑድ ማታ ጨረሰችው። ርዕሱ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ ሰው አፍ የገባ ነው፣ «በቃ፣ አለቀለት» እንደማለት ነው አልኳት። «አማርኛው እንዴት እንደሚሰማ አንብብልኝ» አለች። ከመደርደሪያው አወረድኩት። አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግሁ።

ማንበብ ጀመርኩ፣ ተንተባተብኩ። እኔ ነኝ የተንተባተብኩት፣ የመጽሐፍ መካሪው! ለካ እኔም ከስልክ ውጪ ካነበብኩ ቆይቻለሁ። ግማሹን እንኳ አልገባትም። ግን አላስቆመችኝም። አንድ ገጽ ስጨርስ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ «ይህቺ ምንድን ናት?» አለች። «መ» አልኳት።

አሁን እሑድ ከሰዓት ትመጣለች። የስሟን ፊደላት ላስቀድም ብላት እንቢ አለች፣ ከሀ ጀምሮ በተራ ነው የምትፈልገው። ረ ላይ ደርሰናል። ስሟ በት ይጀምራል።