አልጋ ሲያዝ፦ ለትራንስ እንግዶች ጥያቄና መልስ (ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ላሊበላ)

ትራንስ ስል ሲወለዱ ከተሰጣቸው ጾታ የተለየ ጾታ ያላቸውን ሰዎች ማለቴ ነው። በዚህ ግሩፕ የምመልሰው ስለ ሆቴል ነው፤ የሃይማኖትና የሕክምና ጥያቄ ይቅርብኝ። የራሳችሁንም የሆቴሉንም ስም እዚህ አትጻፉ።

ጥ፦ መታወቂያዬ ላይ ያለው ጾታና ፎቶ ከአሁኑ መልኬ ጋር አይሄድም። ደሴ ስደርስ ምን ልበል?

መ፦ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። መታወቂያ የሚጠየቀው ለእንግዳ መዝገቡ ነው፤ ፖሊስ ቢመጣ የሚያየው እሱን ነው። ስለዚህ ስልክ ስትደውሉም ሆነ ስትመዘገቡ ስማችሁ በመታወቂያው እንዳለ ይሁን። ሰዎች የሚጠሯችሁን ሌላ ስም ካስያዛችሁ፣ በር ላይ ስሙና መታወቂያው ይለያዩና ጥርጣሬው ከዚያ ይጀምራል። ሐሰተኛ መታወቂያማ ራሱ ወንጀል ነው፤ አይታሰብ። ድምፃችሁ ጥያቄ የሚያስነሳ ከሆነ በጽሑፍ መልእክት አስይዙ። ሳይመሽ ድረሱ። ፎቶውን አይተው ካመነቱ፦ «ፎቶው የድሮ ነው፣ ቁጥሩን ይመዝግቡት»። አበቃ፤ ማብራሪያ አትጨምሩ፣ ባብራራችሁ ቁጥር ጥያቄው ይበዛል። የአንድ ሌሊት ብቻ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ያዙ። መታወቂያው ተመዝግቦ ወዲያው ይመለስ፣ ሪሴፕሽን አይደር። ስልካችሁን ለማንም አትስጡ።

ጥ፦ አልጋ የለም ብለው ቢመልሱኝስ?

መ፦ ውጡ። ሎቢ ላይ አትከራከሩ። ሁለተኛ አማራጭ እዚያው ከተማ ውስጥ አስቀድማችሁ ያዙ፤ በሌሊት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ አልጋ ፍለጋ አይኬድም። ለገና ላሊበላ የምትሄዱ ደግሞ ቀደም በሉ፣ ያን ሰሞን አልጋ አይገኝም።

አባል 1፦ ለምን ይሸሻል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ላይ እኩልነት ይላል እኮ!

አባል 2፦ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 629 ረሳኸው?

አባል 1፦ እሱ ስለ ድርጊት ነው፣ ስለ አለባበስ አይደለም።

መ፦ ልክ ነው፣ 629 የሚቀጣው የተመሳሳይ ጾታ ወሲባዊ ድርጊትን ነው፤ ትራንስ መሆንን አይጠቅስም። ይህን ግን ሎቢ ላይ ሰው ከቧችሁ አታስረዱም። ከተያዛችሁ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 አስታውሱ፦ ያለመናገር መብት አለ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለ። ክርክሩ ይብቃ።

ጥ፦ ኮምቦልቻ ሪሴፕሽን ነው የምሠራው። እንግዳውን አንተ ልበል አንቺ?

መ፦ አንቱ በል። የወሎ ሰው ለእንግዳ አንቱታ አይቸግረውም። ስሙን ጮክ ብለህ አታንብብ፤ መዝገቡን አዙረህ ጣትህን መስመሩ ላይ አድርግና «ልክ ነው?» በል። የመታወቂያውን ፎቶ በሠራተኞች ግሩፕ እንዳትልክ፣ እባክህ! ከዚያ ወጥቶ የት እንደሚደርስ አታውቅም፣ የሰው ሕይወት ነው።

ጥ፦ የትኛው ሆቴል ይሻላል?

መ፦ ስም አትጻፉ ብያለሁ።

ጥ፦ ለሁለት አንድ ክፍልስ?

መ፦ ሁለት ክፍል። በነሐሴ 2015 አዲስ አበባ የተመሳሳይ ጾታ ድርጊት ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎች ላይ እርምጃ ይወሰዳል ተብሎ ሲታወጅ ባለሆቴል ሁሉ ሰምቷል።

ጥ፦ መታወቂያው ካልተመሳሰለ ምን ይደረጋል?

መ፦ የመጀመሪያው መልስ ምን ይላል? አንብቡ እንጂ!

ጥ፦ ማታ በር ቢንኳኳስ?

መ፦ ሳትከፍቱ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ሠራተኛ ነኝ ካለ ሪሴፕሽን ደውላችሁ አረጋግጡ። ፖሊስ ከሆነ የመበርበሪያ ትእዛዝ እንዲያሳይ በትሕትና ጠይቁ፤ ባያሳይም አትታገሉ። ስልካችሁ በጣት አሻራ ወይም ፊታችሁን አይቶ የሚከፈት ከሆነ ሳትተኙ ያን አከፋፈት አጥፉት፣ በቁጥር ብቻ ይከፈት።